ቴስታታው ሲከፈት



እኔ በዚህ ክረምት መጻሕፍት አነባለሁ፤ ለመጪውም ዓመት የማስተምረውን አሰናዳለሁ ብዬ አቅጄ ነበር። ዕቅዱ ግን ዕቅድ ሆኖ ቀረና ሁለት ወር ሙሉ እጄን ዘይትና ጥላሸት ውስጥ ነክሬ ከረምኩ። ይህን ስትሰሙ «የፊዚክስ አስተማሪው ደግሞ ከመቼ ወዲህ መካኒክ ሆነ?» ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፤ እኔም በራሴ ስቄያለሁ። ነገር ግን ስለ ሙቀት፣ ስለ ግፊትና ስለ ብረት ጠባይ በኮሌጅ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ የገለበጥኩትን ትምህርት በእጄ የዳሰስኩት በዚህ ክረምት ስለ ሆነ፣ ያየሁትን ሳልነግራችሁ ብቀር ንፉግነት ይሆንብኛል። ደግሞም በገዛ ችኮላዬ ያበላሸሁት ሥራ አለ፤ እሱንም አልደብቃችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ አንዲት አሮጌ የስፖርት ኦቶሞቢል አላቸው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ኤም ጂ ቢ የምትባል የእንግሊዝ መኪና ናት። ይህ ዐይነት መኪና አቢንግደን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ሲሠራ ቆይቶ ቁጥሩ ከ500,000 በላይ ደርሷል። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ። አጎቴ የመንግሥት ሠራተኛ ሳሉ ከደመወዛቸው ጥቂት በጥቂት እየቆጠቡ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሰው ገዟት። የሰፈሩ ልጆች «ሙሽሪት» ይሏታል። አጎቴም ሴት ልጃቸውን ከመስቀል በኋላ ሲድሩ «ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔው ራሴ ነኝ፤ የማደርሳትም በዚህችው መኪና ነው» ብለው ለልጃቸው ቃል ገብተውላት ነበር።

ታዲያ ሰኔ ሲገባ ሙሽሪት ታመመች። ቆማ ስትንቀሳቀስ እንደ አንካሳ ትንገዳገዳለች፤ ወደ እንጦጦ ዳገት ስትወጣ ደግሞ ጉልበቷ ይከዳታል። አጎቴ ከሰፈራችን ወደ አሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰዷትና እኔም ጊዜ ስለ ነበረኝ ረዳት ሆኜ ገባሁ። እኚህ ሰው በልጅነታቸው ከአንድ ጣልያናዊ ጋራዥ ውስጥ ቡሎን በማጠብ ሥራ የጀመሩ ናቸው። ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ ያህል አዳምጠው «ቴስታታው መከፈት አለበት» አሉ።

ቴስታታ ምንድን ነው? በጣልያንኛ ቃሉ ከራስ የመጣ ነው፤ እንግሊዞችም ያንኑ ክፍል ራስ ይሉታል። ጋራዦቻችን የሚናገሩት ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ መሆኑን አስተውላችሁ ታውቁ እንደ ሆነ እንጃ፤ ካንዴላ፣ ቫልቮላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሞላ፣ ዳዶ ሁሉ ከዚያው የመጡ ናቸው። ሞተሩን እንደ ድስት ብታስቡት ቴስታታው ክዳኑ ነው። ነገር ግን ተራ ክዳን አይደለም። ቤንዚኑና አየሩ የሚገቡበት፣ የተቃጠለው ጭስም የሚወጣበት በር ሁሉ ያለው እዚያ ነው፤ እሳቱን የምታስነሣው ካንዴላም የምትሰካው እዚያ ነው። በሮቹ ቫልቮላዎች ይባላሉ። የዚህች መኪና ሞተር 1,798 ሲ ሲ የሆነ ባለ 4 ሲሊንደር ነውና ለእያንዳንዱ ሲሊንደር 2 ቫልቮላ፣ በጠቅላላው 8 ቫልቮላ አለው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዷ ቫልቮላ በሰከንድ 25 ጊዜ ትከፈታለች፤ 25 ጊዜም ትዘጋለች። ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ስንት መቶ ጊዜ እንደምታንኳኳ አስሉት።

እንግዲህ መክፈት ከመጀመራችን በፊት መለካት ነበረብን። ሽማግሌው ካንዴላዎቹን አውጥተው በየቀዳዳው የግፊት መለኪያ ሰኩ፤ እኔ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ረግጬ ሞተሩን አዞርኩ። የተገኘው ቁጥር በካሬ ኢንች 125፣ 120፣ 65 እና 125 ፓውንድ ነበር። እኔ የፋብሪካውን መጽሐፍ ይዤ ነበርና «ጋሼ፤ መጽሐፉ ወደ 160 መሆን አለበት ይላል፤ አራቱም ሞተዋል ማለት ነው» አልኩ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና «አንተ ልጅ፤ ያ መጽሐፍ የተጻፈው የት ነው?» አሉኝ።

በውነቱ አፈርኩ። ይህን እኔው ራሴ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በግፊት ሩብ ያህል ያንሳል። ከመነሻው የሳሳ አየር ተጨምቆም የሳሳ ነውና፣ በእንግሊዝ አገር 160 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ ወደ 120 ያሳያል። ስለዚህ ሦስቱ ሲሊንደሮች ደኅና ናቸው፤ የታመመው 3ኛው ብቻ ነው። ቁጥርን ከአገሩ ነጥሎ ማንበብ እንዴት እንደሚያሳስት ከዚህ በላይ ምሳሌ አላገኘሁም። በየመሥሪያ ቤቱ ከውጭ የመጣ መመሪያ ይዛችሁ የምትሠሩ ወዳጆቼም ይህን አስቡበት።

ቀጥሎ ሽማግሌው በ3ኛው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ለኩ። ይህ የቆየ ዘዴ ነው። ግፊቱ የሚያመልጠው በፒስቶኑ ፋሻ በኩል ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ይደፍነውና ቁጥሩ ከፍ ይል ነበር። ቁጥሩ ግን ከ65 አልተነቃነቀም። ስለዚህ የሚያፈሰው በሩ ነው፤ ቫልቮላዋ አትዘጋም። አንድ ማንኪያ ዘይት ሞተሩን በሙሉ ከመፍታት አዳነን።

መፍታቱ ራሱ ሥርዓት አለው። ቴስታታውን የሚይዙት 11 ዳዶዎች ናቸው። ከነሱ ውስጥ አራቱ፣ ቫልቮላዎቹን የሚረግጡትን ክንዶች ጭምር የሚይዙ ናቸው። የማያውቅ ሰው አራቱን ብቻ ፈትቶ ክንዶቹን ያነሣል፤ ያን ጊዜ ቴስታታው በአንድ ወገን ታስሮ በሌላው ወገን ተለቅቆ ይጣመማል። ስለዚህ አሥራ አንዱንም ዳዶ በተራ፣ እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ እያሉ ማላላት ግዴታ ነው። ውኃውም አስቀድሞ ከራዲያተሩ መፍሰስ አለበት። ከሥር ያሉትን 8 ዘንጎች ስናወጣ፣ ከካርቶን ላይ 8 ቀዳዳ በስቼ በየቁጥራቸው ሰካኋቸው። እያንዳንዱ ዘንግ ከራሱ ባልደረባ ጋር አብሮ እያለቀ የኖረ ስለ ሆነ፣ ቦታው ቢለዋወጥ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ቴስታታው ተነሥቶ ሲገለበጥ ሕመሙ በዐይን ታየ። ከፊት ሲቆጠር 5ኛዋ ቫልቮላ፣ ማለት የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ በር፣ ከንፈሯ በአንድ በኩል ተቃጥሎ እንደ ተገመጠ ቂጣ ሆኗል። ከዚያም የባሰው ነገር፣ የምታርፍበት መቀመጫ ወደ ውስጥ ሰጥሟል። የዚህ ቴስታታ አሠራር ለሕመሙ ምክንያት ነው። አራቱ የጭስ በሮች የሚወጡት በ3 ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የመካከለኛው ቀዳዳ የ2ኛውንና የ3ኛውን ሲሊንደር ጭስ በአንድነት ያወጣል። ሁለት ምድጃ በአንድ ጭስ መውጫ ቢጠቀም መካከሉ ምን ያህል እንደሚግል መገመት አያስቸግርም።

ንድፉን ግን አትናቁት። በዚህ ቤተሰብ ሞተሮች ቴስታታ ላይ የእሳቱን ክፍል በልብ ቅርጽ የቀረጸው ሃሪ ዌስሌክ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው አየር በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ በመለካት ስሙ የታወቀ ሲሆን፣ በ1948 በወጣው በዝነኛው የጃጓር ኤክስ ኬ ሞተር ቴስታታ ላይም እጁ አለበት። የጃጓሩ ቴስታታ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ የኤም ጂ ቢው ግን ፈሰስ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከፈሰስ ብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቴስታታ የሚያድስ ሰው ከመጣመምና ከዝገት ጋር ይበልጥ ይታገላል። የፈሰስ ብረት ጠላቱ ደግሞ መሰንጠቅ ነው።

አሁን «መቀመጫው ለምን ሰጠመ?» ብላችሁ ጠይቁኝ፤ እኔም ጠይቄያለሁና። የመልሱ ታሪክ ከጋራዡ በር ወጥቶ ዓለምን ይዞራል።

በ1921 በአሜሪካ አገር በጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ፣ ቤንዚን ውስጥ ጥቂት የእርሳስ ውሕድ ቢጨመር ሞተሩ ያለ ጊዜው ከማንኳኳት እንደሚድን አገኘ። እርሳስ ስል የምትጽፉበትን ማለቴ አይደለም፤ ከባዱን ብረት ነው። ውሕዱ ሁለተኛ ጥቅምም ነበረው። ሲቃጠል የሚተወው ስስ አመድ በጭስ በሮቹ መቀመጫ ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፍና የጋለው ብረት ከጋለው ብረት ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ ይከለክላል። ምንጣፉ ከሌለ ግን የቫልቮላዋ ከንፈርና መቀመጫዋ በያንዳንዱ ግጥሚያ በጥቃቅኑ ይበየዳሉ፤ ስትከፈት ደግሞ ቅንጣት ብረት ይዛ ትነሣለች። በሰከንድ 25 ጊዜ ቅንጣት የሚነጠቅ መቀመጫ ዕለት ዕለት ወደ ታች መስጠሙ ነው። አጎቴ በየጥቂት ወሩ የቫልቮላውን ክፍተት ሲያስተካክሉ «ደግሞ ጠበበ» እያሉ የሚደነቁት ለዚህ ኖሯል። በሯ ወደ መቀመጫዋ በሰጠመች ቁጥር ጭራዋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ክፍተቱም ይጠፋል። በመጨረሻ ጨርሳ መዘጋት ሲያቅታት ነበልባሉ በስንጥቋ እያፏጨ ከንፈሯን ይበላዋል።

እንግዲህ «እርሳሱን ለምን አስቀሩት?» የሚል ቢኖር፣ እኔ አስተማሪ ነኝና ይህን በደንብ ልመልስ። ያ አመድ በማርሚታ በኩል ወጥቶ አየሩን፣ አፈሩንና የልጆችን ደም ይበክል ነበር። ክሌር ፓተርሰን የተባለው የአሜሪካ ኬሚስት በ1965 ባወጣው ጽሑፍ የዘመናችን ሰው በገዛ ሥራው ምን ያህል በእርሳስ እንደ ተበከለ አስረዳ። በ1979 ደግሞ ሐኪሙ ኸርበርት ኒድልማንና ባልደረቦቹ ከልጆች የወላለቀ ጥርስ ውስጥ ያለውን እርሳስ መርምረው፣ እርሳስ የበዛባቸው ልጆች በአእምሮ ፈተናና በክፍል ውስጥ ትኩረት ዝቅ ብለው መገኘታቸውን ገለጹ። ከዚያ በኋላ አገሮች አንድ በአንድ ተዉት። ብሪታንያ በ2000 ከገበያ አወጣችው፤ ከሰሐራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው፣ 2006 ሲገባ ለመኪና መሸጡን አቆሙ። በዓለም ላይ የመጨረሻው የእርሳስ ቤንዚን ሽያጭ በ2021 በአልጄሪያ ቆመ።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ፤ በአንድ ወገን የአጎቴ መኪና የብረት መቀመጫ፣ በሌላው ወገን በየመንገዱ ዳር የሚጫወቱት ልጆች አእምሮ ነበር የተመዘነው። የተማሪዎቼን ፊት በየቀኑ የማይ ሰው ስለ ሆንኩ፣ ፍርዱ ትክክል መሆኑን ለመናገር ለአንዲት ደቂቃ አላመነታም። መቀመጫ ይለወጣል፤ አእምሮ ግን አይለወጥም። የቀረው የኛ ሥራ አሮጌውን ሞተር ከአዲሱ ቤንዚን ጋር ማስማማት ነው።

መድኃኒቱም አለ። ቶርኖ ቤት ተወስዶ የሰጠመው የጭስ መቀመጫ ተፍቆ ይወጣና በምትኩ ሙቀትና መፋተግ የሚችል ጠንካራ የብረት ቀለበት ይገባል። ቀለበቱ ከሚገባበት ጉድጓድ በ1 ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ይሰፋል። ታዲያ እንዴት ይገባል? ቀለበቱ በብርቱ ቅዝቃዜ እንዲኮማተር ይደረጋል፤ ቴስታታው ይሞቃል፤ ገብቶ ሙቀታቸው ሲስተካከል በምንም ኃይል የማይነቀል ይሆናል። ይህ ሁሉ ወጪ ግን ከንቱ እንዳይሆን ብረቱ አለመሰንጠቁን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የኔ ሙያ ለአንድ ጊዜ ጠቀመ። ሽማግሌው ቴስታታውን አጥበው፣ በመቀመጫዎቹ መካከል ላምባ ቀቡትና ጥቂት ቆይተው በጨርቅ አደረቁት። ከዚያም «ያ የምትጽፍበት ነገር አለህ?» አሉኝ። ከኪሴ ጠመኔ አወጣሁ፤ ፈጨነውና ዱቄቱን በተንነው። ስንጥቅ ቢኖር ኖሮ ውስጡ የቀረው ላምባ ወደ ነጩ ዱቄት ሰርጎ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይታይ ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አጎቴ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እንደ ሐኪም ቤት ጠያቂ ቆመዋል። ዱቄቱ ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። ዘመናዊ ጋራዦች ይህንኑ በቀይ ቀለምና በነጭ መርጫ ያደርጉታል፤ ምሥጢሩ ግን አንድ ነው።

ቶርኖ ቤቱ አራቱንም የጭስ መቀመጫዎች ለወጠ፤ የቫልቮላዎቹን መሪ ቱቦዎችም አደሰ። ቴስታታው ሲመለስ የማፋተጉ ሥራ የኔ ሆነ። ጫፉ የሚጣበቅ ላስቲክ ያለው እንጨት በቫልቮላዋ ፊት ላይ ይለጠፋል፤ ከንፈሯ በሚያፋትግ ቅባት ይቀባል፤ ከዚያም እሳት እንደሚያወጣ ሰው እንጨቱን በሁለት መዳፍ መካከል ወዲያና ወዲህ ማሽከርከር ነው። በየጥቂቱ አንሥቶ ቦታ መለወጥ ያስፈልጋል። ስምንቱን ስጨርስ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ያለቀው ሥራ ምልክቱ በከንፈሯ ዙሪያ ያልተቋረጠ፣ ስፋቱ አንድ ዐይነት የሆነ አመድማ ቀለበት መታየቱ ነው። ቅባቱ በሚገባ ከታጠበ በኋላ ቫልቮላዎቹንና ካንዴላዎቹን በየቦታቸው መልሰን፣ ቴስታታውን ገልብጠን በየጉድጓዱ ላምባ ሞላንበት። አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ታች አላለፈችም። ያን ዕለት ማታ እንቅልፌ ጣፋጭ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስኩ።

ቴስታታውን መልሰን የምናስርበት ቀን ሽማግሌው ድንገት ለቅሶ ተጠሩ። «እስክመለስ አትንካው» ብለውኝ ሄዱ። አጎቴ መጥተው «ለእሑድ ትደርሳለች?» ሲሉኝ ግን እኔ፣ ኮሌጅ የጨረስኩ ሰው፣ አሥራ አንድ ዳዶ ማሰር ያቅተኛል መባሉ ከበደኝ። ጓርኒሲዮኑን አኖርኩ፤ ቴስታታውን ጫንኩ፤ እጀታው ረጅም የሆነ ተራ ቁልፍ ይዤ ከፊት ጀምሬ ወደ ኋላ፣ እያንዳንዱን ዳዶ እስከ መጨረሻው እያጠበቅሁ ተጓዝኩ። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ያማረ ነበርና ደረቴን ነፋሁ። ሽማግሌውም በማግሥቱ ሲመለሱ «ማን አሰረው?» ብለው ሲጠይቁኝ «እኔ በደንብ አስሬዋለሁ» አልኳቸው። እንዴት እንዳሰርኩት ግን አልነገርኳቸውም። ከማጥፋቴ ይልቅ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ዝምታዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከማርሚታው ነጭ እንፋሎት መውጣት ጀመረ፤ የራዲያተሩም ውኃ ጎደለ። አዲሱ ጓርኒሲዮን ከኋላ በኩል፣ በ4ኛው ሲሊንደርና በውኃው መተላለፊያ መካከል ተበጥሶ ነበር።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚን ሲቃጠል ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 2 ቶን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ይህን ኃይል የሚችለው በሁሉም ቦታ እኩል የተጫነ ጓርኒሲዮን ብቻ ነው። ስለዚህ ዳዶዎቹ የሚታሰሩት ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር በተራ እየተሻገሩ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ዙር፣ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ ነው። የመጨረሻው ልክ 50 ፓውንድ ጫማ ነው፤ ይኸውም የአንድ ሜትር ክንድ ጫፍ ላይ 7 ኪሎ ያህል ማንጠልጠል ማለት ነው። የከበሮ ቆዳ የሚወጥር ሰው አንዱን ጠፍር ጨርሶ ወደ ሁለተኛው አይሄድም፤ ዙሪያውን ጥቂት በጥቂት እየሳበ ያስተካክላል እንጂ። እኔ ግን የፊቱን ወገን ጨርሼ ስለ ጠፈርኩት፣ የኋላው ወገን ሳይገጥም ቀረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ነው።

ሽማግሌው እንደገና ከፍተው ያዩትን አሳዩኝ። አልተቆጡም። «አለማወቅ ነውር አይደለም፤ የሠራኸውን ብትነግረኝ ኖሮ ግን በዚያው ቀን ፈትተን እንደገና እናስረው ነበር» አሉኝ ብቻ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታታው ፊት ላይ አጋድመው ስስ የመለኪያ ቅጠል በሥሩ ለማሳለፍ ሞከሩ። የ5 መቶኛ ሚሊ ሜትር ቅጠል አላለፈም፤ ቴስታታው አልተጣመመም። ተጣምሞ ቢሆን ኖሮ ቶርኖ ቤት ተመልሶ ፊቱ ይላጭ ነበር።

አዲስ ጓርኒሲዮን ግን በከተማው ውስጥ አላገኘንም። ለንደን ያለች ዘመዳችን ገዝታ በመንገደኛ እስክትልክልን አራት ሳምንት ፈጀ። ዋጋውን ከደመወዜ ከፈልኩ፤ ከፍያለሁ ብዬ ግን አልኩራራም፤ ሊከፈል የማይችለው የአጎቴ ጭንቀት ነበርና። በነዚያ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ወደ ጋራዡ መጥተው ጨርቅ የለበሰውን ሞተር አይተው፣ ምንም ሳይናገሩ ይመለሱ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዕቃው የደረሰው ከሠርጉ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ ነው። በዚህ ጊዜ ቁልፉን የያዙት ሽማግሌው ናቸው፤ እኔ ከመጽሐፉ ላይ ተራውን አነብ ነበር። ከዚያ የቫልቮላዎቹን ክፍተት አስተካከልን። እዚህ ላይ ተማሪዎች የምትወዱት አንድ ብልኀት አለ። ስምንቱን ቫልቮላዎች ከፊት ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ቁጠሯቸው። 8ኛዋ ሙሉ በሙሉ ስትከፈት 1ኛዋ ትስተካከላለች፤ 6ኛዋ ስትከፈት 3ኛዋ፤ 4ኛዋ ስትከፈት 5ኛዋ፤ ሁልጊዜም የሁለቱ ቁጥሮች ድምር 9 ነው። ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 38 መቶኛ ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለክፍሌ ተማሪዎች ስነግራቸው፣ ሒሳብ ለምን ይጠቅማል እያለ የሚያስቸግረኝ አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ተለኩ። የግፊት መለኪያው በአራቱም ሲሊንደር ላይ ከ120 እስከ 125 አሳየ። መኪናዋ 800 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሁሉም ነገር እንደገና መታየት እንዳለበት ሽማግሌው ለአጎቴ በወረቀት ጽፈው ሰጧቸው፤ ቀኑን ጽፈው፣ ፈርመውበት።

በሠርጉ ዕለት ሙሽሪት ሙሽራዋን ይዛ ወጣች። እኔ ከኋላ በሚከተለው ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ከዘፈኑ ይልቅ ማርሚታውን እመለከት ነበር። ነጭ ጭስ አልነበረም። ዳገቱንም ያለ አንዳች መንገዳገድ ወጣችው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ አጎቴ ሞተሩን ወዲያው አላጠፉትም፤ ትንሽ አዳመጡት። ከዚያ ወደኔ ዞረው በራሳቸው ነቀነቁ። ከዚያ በላይ ምስጋና አልሻም።

በሳምንቱ አጎቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። ስፈታው ያ የተበጠሰው ጓርኒሲዮን ነው። «ክፍልህ ውስጥ ስቀለው» አሉኝ። ዛሬ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ተሰቅሏል። ተማሪዎቼ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ፣ ስለ ግፊት ከማስተማሬ በፊት በኔ ችኮላ የተበጠሰ መሆኑን እነግራቸዋለሁ።

እናንተም፣ በትምህርት ቤት ያላችሁ፣ ወይም በመሥሪያ ቤት አዲስ ወንበር የያዛችሁ ወዳጆቼ፤ ሥራ ሲሰጣችሁ ተራውን ጠይቁ፤ ልኩን ለኩ፤ ካጠፋችሁም በዚያው ቀን ተናገሩ። ያልተነገረ ጥፋት ጭሱ የሚታየው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ሰው በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

ለሚመጣው ሳምንት በደኅና ያገናኘን።